ለአዋላጇ የተቀነሰ ዋጋ

«ለሚጣ እንዳትነግራት። አንድ ቃል እንዳታወጣ!»

ሚጣ የእናቷን ድምፅ የሰማችው በረንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ጭቃ የነካውን ጫማዋን ስታወልቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የጓዳው መስኮት ገርበብ ብሎ ስለነበር እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። ቀጥሎ የታላቅ ወንድሟ ድምፅ መጣ፤ «እማዬ ደግሞ፣ ምን ነካሽ፣ እኔ ሕፃን ነኝ?» አለ፣ ሳቅ ብሎ። ሚጣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ፣ አንዱን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አድርጋ ቆመች። በዚህ ቤት ከእሷ የሚደበቅ ነገር ካለ ሁልጊዜ በሽታ ነው። አዋላጅ ነርስ በመሆኗ፣ አንድ ነገር ከሰማች ሐኪም ቤት መጎተት እንደማይቀር ሁሉም ያውቃል። ባለፈው ዓመት እናቷ የደም ግፊት ክኒኗን ትታ ስትከርም ትንፍሽ ያለላት ሰው አልነበረም። «ደግሞ ግፊቷ ተነስቶባት ይሆናል» ብላ አሰበችና ጉሮሮዋን ጠርጋ ገባች። ወሬው ቀጥ አለ። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ «መጣሽ? ሻይ አለ፣ ትኩስ ነው» አለችና ወዲያው ተመልሳ ገባች። ወንድሟ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እያጠቀሰ፣ ቀና ሳይል፣ «ቶሎ በይ እንጂ የኔ እመቤት፣ መኪናውን ሰው ቀድሞን ይገዛዋል» አላት።

አርባ አንድ ዓመቷ ነው። በሥራ ቦታዋ ሲስተር ትባላለች፤ እዚህ ቤት ግን የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች እስከ ዛሬ ሚጣ ናት። ወንድሟንም በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ወንድምጋሼ ነው የምትለው። በመኪና ነገር ደግሞ ወንድምጋሼ ያለው ያለቀ ነው። ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ ኮፈን ሥር አጎንብሶ ያሳለፈ ሰው ነው፤ የእሷን አሮጌ መኪና አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እየጠጋገነ፣ እየሰደበም፣ እንድትሄድ ያደረጋት እሱ ነው። ያቺ መኪና ከሁለት ሳምንት በፊት የጡብ ፋብሪካው ዳገት ላይ ሞተሯ ነክሶ ቀረች። እሱ ራሱ በገመድ ጎትቶ አምጥቶ ለብረት ገዢዎች ሸጠላት። ከዚያ ወዲህ ሚጣ ወደ ጤና ጣቢያው የምትሄደው በሁለት አውቶቡስና የቀረውን በእግሯ ነው። ጤና ጣቢያው ከከተማው ውጭ፣ አውቶቡስ ዞሮ ከሚመለስበት አደባባይም ወዲያ ነው፤ ምጥ ደግሞ አውቶቡስ አይጠብቅም። ባለፈው ሐሙስ አንዲት ሴት እሷ መንገድ ላይ ሳለች በር ላይ፣ የጥበቃው ካፖርት ላይ ወለደች። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ግን ኃላፊዋ በማግሥቱ ጠርታ፣ በክፋት ሳይሆን በሐዘኔታ፣ «መኪና እስክታገኚ ድረስ ከተማ ውስጥ ካርድ ክፍል ላስቀምጥሽ» አለቻት። ሚጣ ካርድ ክፍል ተቀምጣ የሰው ስም ስትጽፍ ራሷን አሰበችና ሌሊቱን እንቅልፍ አጣች። የምትፈልገው ብዙ አልነበረም፤ ጠዋት ሲነኩት የሚነሳ፣ ያንን ዳገት ሳይንተፋተፍ የሚወጣ፣ ነዳጅ የማይጠጣ፣ ዕቃው በየሱቁ የሚገኝ ትንሽ መኪና። ያላት ብር ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ አይደለም። አንዴ ከተሳሳተች፣ ለዓመታት በእግሯ ናት።

ማስታወቂያውን ያገኘችውም ለባለቤቱ የደወለችውም ራሷ ነበረች፤ መድኃኒት ቤት በር ላይ፣ ረጋ ባለ የአስተማሪ ጽሕፈት ተጽፎ ተለጥፎ። ባለቤቱ እውነትም ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ሆነው ተገኙ። ለእሷና ለወንድምጋሼ በሩን የከፈቱላቸው ክራቫት አስረው ነው፤ መኪና ለመሸጥ ሳይሆን ልጅ ለመዳር የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር። ግቢያቸው ጠባብ ነው፤ ከግድግዳው ሥር የተደረደሩ የአበባ ጣሳዎች፣ አንድ የተሰበረ ወንበር፣ ጥጉ ላይ ደግሞ በአሮጌ አልጋ ልብስ የተሸፈነች መኪና። ልብሱን ሲገልጡት ቀለሟ ዝናብ ያዘለ ሰማይ የመሰለ ግራጫ፣ ጎማዎቿ ያልተበሉ፣ ወንበሮቿ የተቦረሹ፣ ትንሽ ባለ አምስት በር መኪና ናት። «ዐይኔ ነው የከዳኝ» አሉ ሽማግሌው፤ «ሐኪሙ መሪ እንዳትነካ አለኝ። እሷ ምንም አልበደለችኝም።» ሚጣ ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩን ወደፊትም ወደኋላም ሳታንቀሳቅስ እግሯ ፍሬኑ ላይ አረፈ። ይህ ነገር በሕይወቷ ደርሶባት አያውቅም፤ አጭር ስለሆነች ሁልጊዜ ትራስ ትደግፋለች። ሽማግሌው የሞቱት ሚስታቸው እንደ እሷ አጭር እንደነበሩ፣ መኪናዋንም አብዝተው ይነዱ የነበሩት እሳቸው እንደሆኑ ነገሯት።

«የት ነው የምትሠሪው ልጄ?» አሏት በመስኮቱ ጎንበስ ብለው።

«አዋላጅ ነኝ አባባ። ከጡብ ፋብሪካው ወዲያ ያለው ጤና ጣቢያ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ትንሿ ሲስተር?» አሉ። ልጃቸው እዚያ ነበር የወለደችው፤ መንታ፣ ሁለተኛው በእግሩ የመጣ። መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መላክ ያልተቻለበት ቀን። ሚጣ የእናትየዋን ፊት አታስታውስም፤ ጎርፉን ግን ታስታውሳለች፣ በእግሩ የመጣውን ልጅም ታስታውሳለች፤ እጇ ታስታውሳለች። ሽማግሌው ማልቀስ ስለዳዳቸው ይመስላል፣ ቶሎ ብለው ወደ ዋጋ ገቡ። በማስታወቂያው ላይ ከጻፉት አንድ አራተኛ ያህሉን ቀነሱ። ማንም አልለመናቸውም። «ለሌላ ሰው አይደለም» አሉ፤ «ለአንቺ ነው። እሷም ብትኖር ይህንኑ ነበር የምታደርገው።»

ወንድምጋሼ ይህን ሁሉ ሲሰማ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን በጣቱ እያሻሸ ነበር። ከዚያ መኪናዋን ይዞ ወጣና ሰፈሩን ዞሮ ተመለሰ። ሲወርድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሚጣን ወደ አበባዎቹ ወሰድ አደረጋት። ፊቱ ክፉ ዜና የያዘ ሐኪም ፊት ነበር።

«ካምቢዮው አልቋል» አላት በሹክሹክታ።

«ምን ማለት ነው?»

«ማርሽ ማስገቢያው ውስጡ ተበልቷል። ሁለት ወር ቢሄድልሽ ነው። ከዚያ የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ትጠይቅሻለች። ሰውየው አያውቁም፤ ደግ ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ማርሽ አያስገባም።»

ሚጣ መኪናዋን ዞር ብላ አየቻት። ግን ወንድምጋሼ ያለው ያለቀ ነው። ሽማግሌውን «ትንሽ አስቤበት» ስትላቸው ፊታቸው ላይ የታየው ቅሬታ ሳይሆን እፍረት ነበር፤ አንድ ነገር የበደሏት መስሏቸው። «ለሌላ ሰው ከመስጠቴ በፊት እደውልልሻለሁ» አሏት። ወንድምጋሼ ጣልቃ ገብቶ «ለእኔ ቢደውሉ ይሻላል አባባ፤ እሷ ሥራ ላይ ስልክ አታነሳም» አለና ቁጥሩን ሰጣቸው።

ቀጥሎ የወሰዳት ከመኪና ሻጮች መደዳ ወደ አንዱ ነው። ጠጠር የተደፋበት ሰፊ ግቢ፣ በገመድ የተንጠለጠሉ ቀለማት ባንዲራዎች፣ ማስቲካ የሚያኝክ፣ ወንድምጋሼን እንዳየው «አለቃዬ!» እያለ የሚያቅፍ ሻጭ። የታሰበላት መኪና ቀይ ነበረች፤ እንደ ከንፈር ቀለም የምታብለጨልጭ። ዋጋዋ ሚጣ ያላትን ብር ልክክ ብሎ የሚጨርስ ሆነ፤ ሻጩ ቦርሳዋን ቀድሞ ያየ ይመስል። ወንድምጋሼ ኮፈኑን ከፍቶ ወዲያው ዘጋው። «ይቺ መኪና ናት» አለ። ሚጣ ገብታ ስትቀመጥ የሽቶውን ሽታ አልፎ የረጠበ ምንጣፍ ሽታ አፍንጫዋን መታት። በሩ ሲዘጋ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ጮኸ። የደኅንነት ቀበቶውን ጎትታ ብትሰካው ሳይዝ ተመልሶ ጭኗ ላይ ወደቀ። እንደገና ሰካችው፤ እንደገና ወደቀ። «ይቺ ቀላል ነገር ናት፤ እናስተካክለዋለን» አለ ሻጩ። ወንድምጋሼ ደግሞ ሌላ አቅጣጫ እያየ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ የከተማ ሰው ሁሉ ሳያስር አይደል የሚነዳው?» አላት። ሚጣ ልታስብበት እንደምትፈልግ ነገረችው። «አስቢበት» አለ፤ «ግን ነገ ከነገ ወዲያ ስትይ ይቺም ትሄዳለች፤ አንቺም ካርድ ክፍል ትገቢያለሽ።» አነጋገሩ ትንሽ አመማት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጤና ጣቢያው ድረስ የሚሸኛትበት የጎረቤት መኪና ይለምን ነበር፤ ዛሬ ግን «ጉዳይ አለብኝ» ብሎ ፌርማታው ላይ ትቷት፣ እየተጣደፈ፣ መንገዱን ተሻገረ።

አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር እስከ መጨረሻው አደባባይ ድረስ የሰው ክርን ደረቷ ላይ ተደግፎ ሄደች። ከዚያ በእግሯ። ጤና ጣቢያው ስትደርስ የጠዋቷ ተረኛ ጋውኗን አውልቃ በር በሩን እያየች ነበር። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ወጣት፣ የመጀመሪያ ልጇ፣ የአልጋውን ብረት ይዛ «በቃኝ፣ ልሂድ ወደ ቤቴ» እያለች ታለቅሳለች። «የት ትሄጃለሽ? መኪና የለኝም እንጂ አደርስሽ ነበር» አለቻት ሚጣ እጇን እየታጠበች፤ ልጅቷ በለቅሶዋ መሐል ሳቀች። ከዚያ በኋላ ያለው የሚጣ ዓለም ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ካምቢዮ የለም፣ ሻጭ የለም፤ የምትጠራጠረው ነገር የለም፤ እጇ ሥራውን ያውቃል። ልጁ ወንድ ሆነ፤ ቁጡ፣ ድምፀ ጎርናና። እናቱ ደረት ላይ አስተኝታው ወደ ዕቃ መቀቀያው ክፍል ስትገባ ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረ። ሽማግሌው ነበሩ።

«እንኳን ደስ ያለሽ ሲስተር!» አሉ፤ ድምፃቸው ሞቅ ብሏል። «ወንድምሽ አሁን ይዟት ወጣ። ክሪኳን ረስቷት ሄዷል፤ ጎማ ቢፈነዳብሽ በምን ታነሺያለሽ ብዬ ነው። ሰኞ ለስም ማዛወሪያው ስንገናኝ ይዤልሽ እመጣለሁ። እንደነገርኩት ነው፤ ሰኞ አንቺው ራስሽ ነሽ የምትፈርሚው፤ ያለ አንቺ አልፈርምም ብዬዋለሁ።»

ሚጣ ለጊዜው ምንም አልገባትም። «እሺ አባባ፣ እሺ፣ ይክበሩልኝ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ፣ የፈላው ውሃ ክዳኑን እያንገጫገጨ፣ ቀስ ብሎ ገባት። ለሚጣ እንዳትነግራት! አፏን በእጇ ያዘች። ለካ ይህ ነው! ካምቢዮው አልቋል ያላት ተስፋ አስቆርጦ በድንገት ሊያስደስታት ነው። ቀይዋን መኪና ያሳያት ለማዘናጋት ነው። «ጉዳይ አለብኝ» ብሎ እየተጣደፈ የሄደው ሌላ ሰው ሳይቀድማት ሊገዛላት ነው። ብሩን ከየት አምጥቶ ከፈለ? ተበድሮ ይሆናል፤ ማታ ትሰጠዋለች። ስለ ጠዋቱ ቅሬታዋ ራሷን ረገመች። መድኃኒት ክፍል ላለችው ጓደኛዋ በመስኮቱ ብቅ ብላ «ወንድሜ እኮ ጉድ ሠራኝ!» ብላ ስትነግራት ሁለቱም እንደ ተማሪ ተሳሳቁ። «እንዲህ ያለ ወንድም ያለው ሰው ባል ምን ያደርግለታል» አለቻት ጓደኛዋ። ሚጣ ያን ከሰዓት በኋላ ለሁሉም ሰው ደግ ሆና ዋለች። ካፖርቱ የተበላሸበትን ጥበቃ እንኳ «ሰኞ ጠዋት በሩን ሰፋ አድርገህ ክፈት፤ በመኪና ነው የምገባው» አለችው።

ወደ ማታ፣ እናቷ ደውላ «ከሥራ ስትወጪ ጎራ በይ» ስላለቻት፣ ሥራ እንደጨረሰች፣ ከአደባባዩ ኬክ ቤት ገብታ በወረቀት ሣጥን የሚታሰረውን፣ ለልደት የሚገዛውን ዓይነት ኬክ ገዛች። አውቶቡሱ ውስጥ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰው ሲገፋት በሁለት እጇ እየከለለች፣ የምትናገረውን ስታሰናዳ ሄደች። መጀመሪያ ያላወቀች መስላ ትገባለች። ከዚያ ደግሞ ትስቃለች፤ እንደማትችል ታውቃለች።

መኪናዋ የእናቷ ግቢ ውስጥ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ሥር ቆማለች። ሚጣ ኮፈኑን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው፤ ገና ሙቀት አለው። በመስኮቱ ስታይ ወንበሮቹ በሙሉ አዲስ ላስቲክ ለብሰዋል፤ መሪው አጠገብ ስልክ መያዣ ተለጥፏል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን! ልቧ ሞላ። ኬኩን ከፍ አድርጋ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

«ደረስኩባችሁ!» አለች። «ሁለታችሁም ሌቦች ናችሁ!»

ማንም አልሳቀም። ወንድምጋሼ ማንኪያውን አስቀመጠ። እናቷ የጠረጴዛውን ልብስ በመዳፏ ታለሰልስ ጀመር፤ አንድም እጥፋት አልነበረበትም። የወንድምጋሼ ሚስት «ሾርባው እንዳያርብኝ» ብላ ተነስታ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

«ማን ነገረሽ?» አላት ወንድሟ።

«ሽማግሌው ደወሉልኝ። አምጣ እንጂ ቁልፉን!» መዳፏን ዘረጋችለት፤ ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነው። ወንድምጋሼ እጁን ኪሱ ከተተ፤ እዚያው ተወው።

«ሚጣ፣ እስኪ ቁጭ በይ» አለች እናቷ።

ነገሩን የነገረቻት እናቷ ናት፤ ወንድምጋሼ ጠረጴዛውን ያይ ነበር። ከጋራዡ ከተባረረ አምስት ወሩ ነው። አዲሱ ባለቤት ወጣቶች ቀጠረና አሰናበተው። ጠዋት ጠዋት ቱታውን በፌስታል ይዞ የሚወጣው ለጎረቤት ዐይን ነው። አሁን በመኪናዋ ሰው እየጫነ ሊሠራ ነው፤ ኮንትራት ሊይዝ። ብሩን እናትየው ሰጠችው፤ ለቤቱ ጣሪያ ያስቀመጠችውን። ሚጣ ጣሪያው የሚለውን ስትሰማ ቀና አለች። ያ ብር በየወሩ እሷ ለእናቷ ትራስ ሥር የምታስቀምጠው ብር ነበር። እናቷ ይህን ቦታ ፈጠን ብላ አለፈችው። ሚጣ ኬኩን የምታስቀምጥበት ቦታ አጥታ ቆማለች። በየእሑዱ እዚህ ቤት ተቀምጣ «ሥራ እንዴት ነው ወንድምጋሼ?» ስትለው፣ «ተመስገን ነው» ሲላት፣ ሚስቱም እናቱም እውነቱን እያወቁ ሲሰሙ እንደነበር ታያት። ብቻዋን ስትስቅ ራሷ ለራሷ ታየቻት።

«ካምቢዮውስ?» አለች።

«ምንም የለበትም» አለ ወንድሟ። «እንደ አዲስ ነው።»

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት? መኪናዋን ያኔውኑ እተውልህ አልነበር?»

«ታናሽ እህቱን ይለምን?» አለች እናቷ፣ የተሰደበች ይመስል። «ያሳደገሽን ሰው?»

«ወደ አንቺ እጄን ከምዘረጋ…» አለ ወንድምጋሼ፤ አልጨረሰውም።

«ዘረጋህ እኮ» አለችው። «በእኔ ስም ነው የዘረጋኸው። ሽማግሌው የቀነሱልህ ለማን ብለው ነው?»

ወንድምጋሼ ማንኪያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«እሺ፣ ያቺኛይቱስ? ቀይዋ?» አለች ሚጣ።

«እሷም መኪና ናት። ትሄዳለች።»

«ቀበቶዋ አይዝም። በሩን ሰምተኸዋል፤ አንተ ደግሞ እንኳን በር ተዘግቶ፣ ከመንገድ ማዶ ሞተር ሲያልፍ ምን እንደሆነ የምትለይ ሰው ነህ። እዚያ ውስጥ ልታስቀምጠኝ ነበር?»

የወንድምጋሼ ሚስት ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። «ሻጩ ቀይዋን ካስገዛሃት የሆነ ነገር አስብልሃለሁ ብሎት ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለወለሉ። «አንቺ ዝም በይ!» ብሎ ጮኸባት ባሏ። ሚጣ ያን ጊዜ ነው ክው ያለችው። መኪናዋን መውሰዱ አንድ ነገር ነው፤ ችግር ነው፤ ሰው ሲቸግረው ዐይኑ ይጠፋል። እንደዚያ ብላ ልታልፈው ትችል ነበር፤ ዛሬ ባይሆን ነገ። ግን በየማለዳው የጭነት መኪና በሚጋፋበት መንገድ፣ በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ለሳንቲም ብሎ ሊሰዳት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ፍሬኗን የሚያይላት ሰው ነው ይህ።

እናቷ ወንበሯን ወደ ሚጣ አስጠጋችና፣ ልጅ ሳለች ለማባበል የምትጠቀምበትን ድምፅ አወጣች። «አሁን የሆነው ሆኗል የኔ ልጅ። አንቺ ደሞዝ አለሽ፤ ሌላ ትገዣለሽ። ሰኞ አንዴ ሄደሽ ፈርሚለት። ሰውየው እሷ ካልመጣች አልፈርምም አሉ። በስምሽ ይሁንና እሱ ይሥራበት፤ ምን ይጎዳሻል? አንድ ፊርማ ናት።»

ለካ የማታው ሾርባ፣ «ከሥራ ስትወጪ ጎራ በይ» የተባለችው ሁሉ ለዚህ ነበር። ሚጣ እናቷን አየቻት። ደህና ሴት ናት እናቷ፤ ክፉ ሆና አታውቅም። ሁለት ልጆቿን አስቀምጣ መዝናለች፤ ሚጣ ደግሞ ሁልጊዜ የምትችለው ልጅ ናት። የምትችለው ልጅ ላይ ነው የሚጫነው። ይህን ያወቀችው አሁን አልነበረም፤ አሁን ግን ጮክ ብሎ ተነገራት።

ኬኩን ወንበር ላይ አስቀመጠች። ስልኳን አወጣች።

«ለማን ነው?» አለ ወንድምጋሼ ብድግ ብሎ። «ሚጣ! አታብጂ! ሚጣ!»

ሽማግሌው ቶሎ አነሱ። «አባባ» አለች፣ የግድግዳውን ጠርዝ በጣቷ ይዛ። «መኪናዋ የተገዛችው ለእኔ አይደለም። ወንድሜ ለራሱ ነው የገዛት። በእኔ ስም ያስቀነሰዎት እኔ ሳላውቅ ነው።»

ከወዲያ በኩል ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር፤ ጠፋ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉ።

«አሁን።»

«ቀን ስደውልልሽ ግን እሺ አባባ አልሽኝ። ይክበሩልኝ አልሽኝ።»

«አዎ። ያኔ ሌላ ነገር መስሎኝ ነው።» ምን እንደመሰላት ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ወንድሜ በድንገት ሊያስደስተኝ መስሎኝ፣ ለማለት። ሁሉም እያዩዋት ነው። አልወጣላትም።

ሽማግሌው ተማሪ ፊት እንደቆመ ሰው በጥንቃቄ፣ «ነገ ጠዋት መኪናዬን መልሱልኝ» አሉ። «ብራችሁ እንዳለ ነው፤ አልነካሁትም። አንቺን… ምን ብዬ እንደማስብ አላውቅም ልጄ። አብራችሁ ነው የመጣችሁት። ለማላውቀው ሰው እሸጣታለሁ፤ እሱ ይሻለኛል።» ደህና እደሪ አላሏትም።

ሚጣ ስልኩን ኪሷ ስትከት እናቷ እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ ታያት ነበር። «ወንድምሽን አዋረድሽው» አለች። «ለባዕድ። ልብሽ ረካ አሁን?» ሚጣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ ጫማዋን በረንዳው ላይ አሰረች። መኪናዋን ዞራ አላየቻትም። የውጭው በር ጋ ስትደርስ የወንድምጋሼ እርምጃ ተከተላት። ቆመች። በዚያች ቅጽበት፣ ይቅርታ ይለኛል ብላ አሰበች፤ አንዲት ቃል ብትሆንም ትበቃት ነበር፤ ተመልሳ ትገባ ነበር።

ወንድምጋሼ እጁን በፊቱ ላይ አሸት አደረገ። አርጅቷል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ያረጀ ይመስላል።

«ሚጣ» አላት፤ «ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ሽማግሌውን ብቻዬን ምን ብዬ አያቸዋለሁ?»

አየችው። ከልቡ ነበር የሚለምናት። እጁን የዘረጋው አሁን ነው፤ ለዚህ።

«ብቻህን ሂድ» አለችው። ወንድምጋሼ የሚለው ቃል ከአፏ ሳይወጣ ቀረ፤ ሁለቱም አስተዋሉት።

ሰኞ ካርድ ክፍል ገባች። ወር ሙሉ የእናቶችን ስም ጻፈች፤ ስም ጽፋ ወደማታየው ክፍል ላከቻቸው። እናቷ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ አንዴ ስለ ክኒን፣ አንዴ ስለ ምንም። ስለ መኪናም ስለ ወንድሟም አልተነሳም። ሚጣም አልጠየቀች። ግራጫዋ መኪና ለማን እንደተሸጠች አላወቀችም። ከደሞዟ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ጎኗ የዛገ አንዲት አረንጓዴ መኪና አገኘች፤ ሞተሯ ግን ያለማንገራገር ይነሳል። ከመንገድ ዳር ጋራዥ አንድ የማታውቀውን መካኒክ ከፍላ ይዛው ሄደች። ሰውየው ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባና ሲወጣ፣ የፊት ጎማው ኩሽኔታ እንደሚቀየር፣ የጭስ ማውጫው እንደተበሳ፣ የቀረው ግን ለእሷ መንገድ እንደሚበቃ፣ አንድ በአንድ ነገራት። ብሩን ተቀብሎ ኪሱ ከከተተ በኋላ፣ እንዲሁ ለጨዋታ ያህል፣ «ከዚያ ማዶ ድረስ መጥተሽ ለእኔ ከምትከፍዪ» አላት፤ «ቤተሰብ ውስጥ መኪና የሚያውቅ ሰው የለሽም እንዴ?»

ሚጣ ቀበቶውን ጎትታ ሰካችው። ያዘ።

«የለኝም» አለችው።